ያልተከፈተችው ጠርሙስ፦ ቤት ውስጥ ለሚታመም ሰው ፋርማሲስት ምን ያደርጋል?



ባለፈው የሸዋል ወር አንድ የሰፈራችንን አባት ለመዘየር ሄደን ነበር። ስማቸውን መጥቀስ አያስፈልግም፤ ሐጂ እንበላቸው። የፕሮስቴት ካንሰራቸው ወደ ወገባቸው አጥንት ተሰራጭቷል። ይታከሙበት የነበረው ሆስፒታል ‹‹ከዚህ በኋላ ቤታቸው ሆነው እንክብካቤ ይደረግላቸው›› ብሎ ከሸኛቸው ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ስንገባ በቀኝ ጎናቸው ወደ ቂብላ ዞረው ተኝተዋል፤ የጋቢያቸውን ጫፍ ነክሰዋል። ሰላምታችንን የመለሱልን በዓይናቸው ብቻ ነው። ሲሸኟቸው የተሰጣቸው የሞርፊን ሽሮፕ ግን ቁም ሣጥኑ ላይ ከነማሸጊያው ተቀምጧል። አንድ ጠብታ አልተነካም።

የበኩር ልጃቸው ወደ ጓሮ ወስዶ ምክንያቱን ነገረን። ‹‹ኡስታዝ፣ ይሄ እኮ ሰው የሚሰክርበት ነገር ነው ይላሉ። ሐራም አይደለም ወይ? ሱስ ቢሆንባቸውስ? ከሁሉም በላይ ደግሞ አፍዝዟቸው ሸሃዳ ሳይሉ ቢሞቱ እኛ አላህ ፊት ምን እንላለን?››

ከሦስቱ ጥያቄዎች ለመጀመሪያው መልስ ነበረን። ለቀሩት ሁለቱ አልነበረንም። የቀራነው ፊቅህ ‹‹ይፈቀዳል›› እስከማለት ያደርሰናል፤ በስንት ሰዓቱ፣ በምን ያህል መጠን፣ ከምን ጋር የሚለው ግን የሌላ ባለሙያ ሥራ ነው። ስለዚህ ከዓመታት በፊት አስተማሪ ሳለን ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርናትና ዛሬ ፋርማሲስት ለሆነች ልጅ ደወልን። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከእርሷ የተማርነውን፣ እኛም ከኪታብና ከሌሎች አገሮች ልምድ ያገኘነውን ጨምረን እነሆ እናካፍላችኋለን።

አማርኛችን ‹ማስታመም› የሚል ቃል አለው። ባለሙያዎች ‹ፓሊዬቲቭ ኬር› የሚሉት ሕክምና ለዚህ ቃል በጣም የቀረበ ነው። በሽታው ይዳን አይዳን ሳይል ህመሙን፣ የትንፋሽ ማጠሩን፣ ማቅለሽለሹን፣ እንቅልፍ ማጣቱንና ጭንቀቱን ያክማል፤ የሚያስታምመውንም ቤተሰብ ይደግፋል። ብዙ ሰው ሐኪሞች ተስፋ ሲቆርጡ ብቻ የሚሰጥ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ከካንሰር ሕክምና፣ ከልብ ድካም ወይም ከኩላሊት ሕመም መድኃኒት ጎን ለጎን ገና ከጅምሩ ሊሰጥ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 56.8 ሚሊዮን የሚገመት ሰው ይህ ሕክምና ያስፈልገዋል፤ የሚያገኘው ግን 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። በአገራችን ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ታማሚዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ሲረዳ ቆይቷል፤ ጤና ሚኒስቴርም ለዘርፉ ብሔራዊ መመሪያ አዘጋጅቷል። ሆኖም አብዛኛው ታማሚ ዛሬም የሚታመመው በልጁ፣ በሚስቱ ወይም በምራቱ እጅ ነው።

ፋርማሲስቱ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። ሐኪሙ ታማሚውን በወር አንድ ጊዜ ቢያየው ነው። ነርስም በየቀኑ አትመጣም። መድኃኒት ባለቀ ቁጥር ግን ከቤተሰቡ አንዱ የፋርማሲ መስኮት ላይ ይቆማል፤ ቀጠሮ አይጠይቅም፣ የካርድ አይከፍልም። ‹‹እንዴት አደሩ? ትናንት ማታ ተኙ?›› ብሎ ሊጠይቀው የሚችለው የጤና ባለሙያ በዚያ ሳምንት ምናልባት ይኸው አንዱ ብቻ ነው። መድኃኒቱን በፌስታል አድርጎ፣ ሂሳብ ተቀብሎ ‹‹ቀጣይ›› የሚል ከሆነ ያ አጋጣሚ ያልፋል። እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ እያለፈ ነው።

ሰዓትና ሶላት

ወደ ሐጂ ቤት እንመለስ። ፋርማሲስቷ በስልክ ለልጃቸው የነገረችው መጀመሪያ ስለ ሱስ ነበር። በሐኪም ትእዛዝ ለካንሰር ህመም ሞርፊን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን የሚፈልገው ስለሚያመው ነው፤ ሲሻለው መጠኑ ይቀነሳል። ሰውነቱ መድኃኒቱን ስለሚለምደው በአንድ ጊዜ ማቋረጥ አይገባም፤ ቀስ በቀስ ነው የሚወርደው። ይህ ግን የጎዳና ሱስ ከሚባለው ጋር አንድ አይደለም። ስለ መፍዘዙም ነገረችው፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ያንቀላፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ ይነቃሉ። ከዚህ ቀደም ህመሙ እንቅልፍ ስለነሳቸው ያንቀላፉት የብዙ ሌሊት ዕዳቸውንም ጭምር ሊሆን ይችላል።

ቤተሰቡ ጀመረ። በሁለተኛው ቀን ሐጂ ፈገግ ብለው ነበር። በአራተኛው ቀን ግን ልጃቸው ተበሳጭቶ ደወለ፦ ‹‹ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው ያቃስታሉ፤ መድኃኒቱ አልሠራም።››

ልጅቱ ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ እኛን አስከትላ ቤታቸው ሄደች። መጠኑን አልጠየቀችም፤ ‹‹በስንት ሰዓት ነው የምትሰጧቸው?›› አለች። ሴት ልጃቸው ‹‹እንዳንረሳው ብለን ከሶላት ጋር አድርገነዋል፤ አምስቱንም ወቅት ሳናዛንፍ›› አለች። ኒያዋ ጥሩ፣ ዘዴዋም ብልህ ነበር። ግን ሒሳቡን እንየው። በወቅቱ ሱብሒ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ ዙህር 6 ሰዓት ተኩል ገደማ። በመሃል ከ7 ሰዓት በላይ አለ። ከዒሻ እስከ ሱብሒ ደግሞ ከ9 ሰዓት በላይ ነው። በሌላ በኩል መግሪብና ዒሻ የሚራራቁት አንድ ሰዓት ከትንሽ ብቻ ነው። ለሐጂ የታዘዘው ፈሳሽ ሞርፊን የሚያገለግለው ለ4 ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ረፋዱን ያለ መድኃኒት ይቆዩ ነበር፤ ማታ ደግሞ ሁለት መጠን በላይ በላዩ ይወስዱ ነበር። መድኃኒቱ አልሠራም የተባለው ሠርቶ ካለቀ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነበር ማለት ነው።

ፋርማሲስቷ ሐኪሙን በስልክ አማክራ አዲስ ሰዓት ጻፈችላቸው፦ ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ምሽት 12፤ ማታ 4 ሰዓት ላይ ደግሞ ሌሊት እንዳይቀሰቀሱ በሐኪሙ ፈቃድ እጥፍ። በመሃል ህመሙ ድንገት ቢነሳ የምትሰጥ ተጨማሪ መጠንም አለች፤ በተሰጠች ቁጥር ደብተር ላይ ትመዝገብ አለች። ይህ የእርሷ ፈጠራ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለካንሰር ህመም የሚመክረው ይኸው ነው፤ በተቻለ መጠን በአፍ፣ ህመሙ እስኪመጣ ሳይጠበቅ በሰዓቱ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ፣ ዝርዝሩን በማስተዋል። ታማሚው እስኪያቃስት ጠብቆ መስጠት እሳቱ ቤቱን ከያዘ በኋላ ውሃ እንደመፈለግ ነው።

እግረ መንገዷን ማንኪያውን አየች። ቤቱ ውስጥ ሦስት ዓይነት ‹የሻይ ማንኪያ› ነበር፤ ሦስቱም የተለያየ ይይዛሉ። መርፌ የሌለው ስሪንጅ ሰጥታ እስከ የትኛው መስመር እንደሚቀዳ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገችበት። ቀልድ አይደለም። አንዱ የሞርፊን ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 5 ሚሊ ግራም ሲይዝ ሌላው 50 ሊይዝ ይችላል፤ የጠርሙሱ መልክ አንድ ሆኖ ጉልበቱ አሥር እጥፍ። ስለዚህ አዲስ ጠርሙስ በመጣ ቁጥር ‹‹ከቀድሞው ጋር አንድ ነው?›› ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ሌላም የጠየቀችው ነገር ነበር። ሴት ልጃቸው አንገቷን ደፍታ መለሰች፤ አባቷ ከተጸዳዱ ስድስት ቀን ሆኗቸዋል። ሞርፊን የሚወስድ ሰው ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ሆዱ ይደርቃል። ማቅለሽለሹና እንቅልፉ በቀናት ውስጥ ይለቃሉ፤ የሆድ ድርቀቱ ግን አይለቅም። ስለዚህ ሞርፊን ሲጀመር ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ መጀመር አለበት። በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል፦ ለማነቃቃት ተብሎ ጫት የሚሰጠው ታማሚ አለ። ስለ ጫት ያለን አቋም ለአንባቢዎቻችን አዲስ አይደለም፤ እዚህ ላይ ግን ነገሩ የሕክምናም ነው። ጫት ራሱ ሆድ ያደርቃል። ሁለቱ ሲገናኙ ታማሚው ከካንሰሩ ይልቅ በሆዱ ይሰቃያል።

የልጁ ሦስት ጥያቄዎች

ሐራም አይደለም ወይ? ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ኢማም አን-ነወዊ፣ ሚንሃጃቸው በአገራችን የኪታብ ማዕዳት ሲቀራ የኖረው፣ ‹አል-መጅሙዕ› በተባለው ኪታባቸው የተበላሸ እጅ በሚቆረጥበት ጊዜ አእምሮን የሚያስወግድ ነገር መውሰድ ቢያስፈልግስ የሚለውን አንስተዋል። ከሁለቱ የመዝሀቡ አስተያየቶች ትክክለኛው መፈቀዱ መሆኑን ገልጸዋል። ያን ጊዜ የተጠየቀው ሙሉ በሙሉ ስለሚያደነዝዝ ነገር ነው። በልኩ የተሰጠ ሞርፊን ግን ታማሚውን ከቤተሰቡ ጋር እንዲያወራ የሚያደርግ ነው። የዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1992 ጅዳ ላይ ባደረገው ሰባተኛ ጉባኤው ስለ ሕክምና ባሳለፈው ውሳኔ፣ ይድናል ተብሎ ተስፋ ቢደረግም ባይደረግም የታማሚውን መንፈስ ማጠንከር፣ እርሱን መንከባከብና የአካልና የመንፈስ ስቃዩን ማቅለል እንደሚገባ አስፍሯል። ለመሞት ወይም ለመግደል የሚሰጥ መድኃኒት ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ ሐራም መሆኑ አያከራክርም። ሞርፊን በሚገባ ተለክቶ ሲሰጥ ዕድሜ የሚያሳጥር አለመሆኑን የዘርፉ ባለሙያዎች ይናገራሉ።

አንዳንዴ ‹‹ሕመም ወንጀል ያስምራል፤ ለምን አጅራቸውን እናጎድላለን?›› የሚል እንሰማለን። ሙእሚን እሾህ እንኳ ሲወጋው ወንጀሉ እንደሚሰረዝለት በሶሒሕ ሐዲስ የመጣ ነው፤ እንቀበላለን። ነገር ግን ታከሙ ያሉትም፣ ራሳቸው የታከሙትም እኚያው ነብይ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። ሶብር የታማሚው ዒባዳ ነው። በሌላ ሰው ህመም ላይ ሶብር ማድረግ ግን ምን እንደሚባል አናውቅም። ቁም ሣጥን ላይ ያለ መድኃኒት ለአባት አለመስጠት ሶብር ሊባል አይችልም ብለን ለልጃቸው በግልጽ ነገርነው። ትንሽ አመረርን መሰለን፤ ግን ደግመን ብንጠየቅ ያንኑ እንላለን።

ስለ ሱሱ ከላይ ተመልሷል። ሸሃዳው ግን የቤተሰቡ ትልቁ ፍርሃት ነበር፤ እኛም ቀላል አድርገን አላየነውም። ፋርማሲስቷ የመለሰችው በጥያቄ ነው፦ ‹‹ባለፉት ሦስት ሳምንታት ሶላት እንዴት ነበር የሚሰግዱት?›› ሐጂ ራሳቸው መለሱ። ‹‹ፋቲሓን መጨረስ አቅቶኝ ነበር ልጄ። ግማሹ ላይ ያጣድፈኛል።›› በአዲሱ ሰዓት መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ተጋድመው በዓይናቸው እያመለከቱ አምስቱንም ወቅት ሲሰግዱ አይተናቸዋል። በርግጥ በመጨረሻዎቹ ቀናት ታማሚ ሞርፊን ወሰደም አልወሰደም ሰውነቱ ሲደክም ራሱን ሊስት ይችላል። እንዲሁም ሊቀሰቅሱት የማይቻል ከባድ እንቅልፍ፣ በጣም የዘገየ ትንፋሽና የመርፌ ጫፍ ያህል የጠበበ የዓይን ብሌን ከታዩ መጠኑ በዝቷልና የሚቀጥለውን ሳይሰጡ ወዲያው ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ላይ መድኃኒቱ ስለሚጠራቀም ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ይጠብቃል።

ከቅርብና ከሩቅ

‹‹ይሄ የሀብታም አገር ነገር ነው›› ለሚል ሰው ዩጋንዳን እንንገረው። ሐኪሟ አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ካምፓላ ላይ ሆስፒስ አፍሪካ ዩጋንዳን ሲመሠርቱ ይዘው የመጡት ሐሳብ በጣም ቀላል ነበር፦ የሞርፊን ዱቄት ገዝቶ እዚያው በውሃ በጥብጦ ማዘጋጀት። ሥራው የፋርማሲ ሥራ ነው፤ መመዘን፣ መበጥበጥ፣ እንዳይበላሽ መጠበቂያ መጨመር፣ ጠርሙስ ላይ መለጠፍ። ፈሳሹ እንደየጉልበቱ ቀለም ይገባበታል። ደካማው አረንጓዴ ነው፤ ጠንካሮቹ ቀይና ሰማያዊ ናቸው። ማንበብ የማትችል አስታማሚ እንኳ ‹‹የኛ አረንጓዴው ነው›› ብላ ትለያለች። ከላይ ያነሳነው የአሥር እጥፍ ስህተት በአንዲት ጠብታ ቀለም ተከለከለ። ዩጋንዳ ከዚህም አልፋ እ.ኤ.አ. በ2004 ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ፈቅዳለች፤ ሐኪም በሌለበት ገጠር ላለ ታማሚ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላው ለኛ የሚቀርበው ምሳሌ የሕንዱ ኬረላ ግዛት ነው። በካሊከት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረ አነስተኛ የህመም ማስታገሻ ማኅበር ወደ ሰፈር ሰፈር ተስፋፍቶ፣ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በማላፑራም አውራጃ ተራ ሰዎች ሠልጥነው ጎረቤቶቻቸውን ቤት ለቤት ማስታመም ጀመሩ። ገንዘቡ በብዛት ከራሱ ከማኅበረሰቡ፣ ከጥቃቅን መዋጮ የሚሰበሰብ ነው። የግዛቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 የራሱን ፖሊሲ አወጣ። ይህንን ስናነብ በየመስጂዳችን ያሉት ጀማዓዎች ትዝ አሉን። ለቀብር ወጪ፣ ለድንኳንና ለዕቃ ወር በወር የሚሰበሰብ ገንዘብ አለ። ሰውዬው ሳይሞት በፊት ለሚያስፈልገው ለስሪንጅ፣ ለዳይፐር፣ ለሚቆለፍ ትንሽ የመድኃኒት ሣጥን ግን የሚሰበስብ ጀማዓ ስንት አለ?

የፌስታሉ ጉዳይ

ፋርማሲስቷ ሐጂ ቤት በሄደች ዕለት ትልቁን ጊዜ የወሰደባት ሞርፊኑ አልነበረም። ‹‹ያለውን መድኃኒት ሁሉ አምጡልኝ›› ስትል ሁለት ፌስታል ሙሉ መጣላት። ምንጣፉ ላይ ዘርግታ ለየችው። ዳይክሎፌናክ በሁለት የተለያየ የንግድ ስም አለ፤ ሐጂ ሁለቱንም ሲወስዱ ኖረዋል፤ ጨጓራቸው የሚደማውና ኩላሊታቸው የሚጎዳው በዚህ ነው። ፓራሲታሞል ለብቻው አለ፤ በጉንፋን መድኃኒት ውስጥም ተደብቆ አለ። ጤነኛ ጉበት ላለው አዋቂ እንኳ በቀን ከ4 ግራም ማለትም ከ8 ባለ 500 ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ እንደ ሐጂ ከሥጋ ለወጣ ሰው ከዚያም ያነሰ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመጣን የልብ ሕመም ለመከላከል የታዘዘ የኮሌስትሮል ክኒን አለ። ከሦስት ቦታ የተገዛ ውድ ቫይታሚን አለ። ጊዜው ያለፈበት ፀረ ባክቴሪያ አለ።

መጨመር ብቻ ሳይሆን ማስቀነስም የፋርማሲስት ሥራ መሆኑን የተማርነው እዚያ ምንጣፍ ላይ ነው። ለሐኪሙ ደውላ ከአሥራ አንዱ መድኃኒት አምስት ብቻ ቀረ። ክኒን መዋጥ ለሚያስጨንቀው ሰው ይህ ራሱ እፎይታ ነው። እዚህ ላይ አንድ ቅሬታችንን ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። የታማሚ ቤተሰብ ሲጨንቀው ማንኛውንም ነገር ይገዛል፤ ይህን አውቆ የማይጠቅም ‹የኃይል መስጫ› የሚሸጥለት መድኃኒት ቤት አለ። ሐጂም ከወር ወጪያቸው ትልቁ ለእንዲህ ያለው ነበር። መድኃኒት ቤት ንግድ መሆኑን እናውቃለን፤ ግን አማናም ነው። በድሮው የሙስሊሙ ዓለም ሙሕተሲቡ ከእህል ነጋዴው ባልተናነሰ የመድኃኒት ቀማሚውን ሚዛን ይቆጣጠር የነበረው በከንቱ አልነበረም።

ጥቁር አዝሙድ፣ ማር፣ ዘምዘም፣ ቁርኣን የተቀራበት ውሃ በየቤታችን አለ፤ ፋርማሲስት ፊት ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የኛይቱ ሁሉንም ጠየቀች፣ አንዱንም አላንቋሸሸችም። ከገበያ የመጣ ስሙ ያልታወቀ የቅጠል ዱቄት ግን ከሞርፊኑ ጋር እንዳይሰጥ ለየችው።

ሴቶች እህቶቻችንን በተመለከተ ለብቻው ልናነሳው የሚገባ ነገር አለ። በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚታዩት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። ቆስሎ የሚሸት የጡት ካንሰር ያለባት እናት ዘያሪ እንዳይገባባት በር ትዘጋለች፤ ልጆቿ እንኳ አጠገቧ እንዳይቀመጡ ትሸሻለች። ለዚህ ሽታ ርካሽ መፍትሔ አለ፦ ሜትሮኒዳዞል የተባለውን ክኒን ደቁሶ በታጠበው ቁስል ላይ መነስነስ፤ መጠኑንና አጠቃቀሙን ባለሙያ ካሳየ በኋላ ቤተሰብ ይሠራዋል። በአፍሪካ የማስታመም አገልግሎቶች ዘንድ የታወቀ ዘዴ ነው። ግን ‹‹ቁስሌ ይሸታል›› ብላ መስኮት ላይ፣ ወንዶች በተሰለፉበት ማን ትናገራለች? ሴት ፋርማሲስት ጥግ ወስዳ ብትጠይቃት ግን ትናገራለች። ሐያእ እንዳለ ሆኖ መፍትሔው በመጠየቂያው ቦታ ላይ ነው፤ ፋርማሲዎቻችን አንዲት መጋረጃና ሁለት ወንበር ይኑራቸው።

ረመዷን ሲመጣ የሚጠየቀውም አንድ ነው። ሊድን የማይጠበቅ በሽተኛ ባለመጾሙ ወንጀል የለበትም፤ በየቀኑ ምትክ ለሚስኪን ፊድያ ይከፈልለታል። ያም ሆኖ ‹‹የመጨረሻ ረመዷኔ ነው፤ ልጹም›› የሚል ታማሚ ያጋጥማል። በጉልበት ከማስገደድም ከመከልከልም በፊት ሐኪሙና ፋርማሲስቱ ይማከሩ፤ ቀስ እያለ በ12 ሰዓት ልዩነት የሚሠራ የሞርፊን ክኒን ለአንዳንዱ ሰው ከስሑርና ከኢፍጣር ጋር ሊገጥም ይችላል። ይህ ክኒን ግን ተሰብሮ ወይም ተፈጭቶ አይሰጥም፤ የ12 ሰዓቱ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይለቀቃልና። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ የህመም መድኃኒት የሚጠቀምም ካለ፣ የፊቅህ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳለፈው ውሳኔ በቆዳ በኩል የሚሰርግ ቅባትና ልጥፍ ጾም እንደማያበላሽ አስፍሯል። የተለየ ጉዳይ ያለው ዓሊም ይጠይቅ። እንክብሉ ከምን ጀላቲን ነው፣ ሽሮፑ አልኮል አለበት ወይ የሚለውንም ዝም ብሎ መድኃኒቱን ከመተው ፋርማሲስቱን መጠየቅ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ ምትክ አለ።

ወደ ተግባሩ ስንመጣ፣ ሞርፊን በየሰፈሩ መድኃኒት ቤት የሚሸጥ አይደለም። በልዩ ማዘዣ ወረቀት ይታዘዛል፣ በአብዛኛው ከሆስፒታል ፋርማሲ ይወጣል፣ በመዝገብ ይፈረምበታል። ወረቀቱ ላይ አንዲት ነገር ከጎደለ ቤተሰቡ ሊመለስ ይችላል፤ መድኃኒቱ ያለቀበት ጊዜም አለ። ስለዚህ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትቀር አትጠብቁ። አንድ ሳምንት የሚበቃ ሲቀር ሂዱ፤ የፋርማሲስቱን ስም እወቁ፣ መልሳችሁ የምትደውሉበትን ቁጥር ጠይቁ። ያልተገኘ እንደሆነ ‹‹ትራማዶል ስጡኝ›› ብላችሁ በራሳችሁ አትቀይሩ፤ ልዩ መድኃኒት ነው፤ የራሱ መዘዝ አለው፤ ለድብርት ከሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ጋርም ይጋጫል። ፋርማሲስቶችንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። ከቁጥጥሩ ጥብቅነት የተነሳ ‹‹የለንም›› ማለት እንደሚቀል ይገባናል፤ ግን ወደ ሌላ ሆስፒታል አንድ ስልክ መደወል አንድ ሌሊት ያድናል።

ሐጂ በዙልቃዕዳ ወር መጨረሻ፣ ሐሙስ ከዐስር በኋላ አኼራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው። በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት መዋጥ ስላቃታቸው ፋርማሲስቷ ሐኪሙን አማክራ ፈሳሹን በጉንጫቸው ውስጥ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ እንዲሰጡ፣ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ እንዲያርሱ አሳይታ ነበር። ረቡዕ ማታ ከልጆቻቸው ጋር አውርተዋል፤ ዕዳቸውን ቆጥረው ተናዘዋል።

በሦስተኛው ቀን የበኩር ልጃቸው ደወለ። ግማሽ ያህል ሞርፊን ቀርቷል፤ በዚያው መንደር ሌላ ካንሰር ያለባት እናት አለችና በአባቱ ስም ሰደቃ አድርጎ ሊሰጣት ፈልጓል። ኒያው አሳዘነን፤ ግን ለሐጂ የተለካው መጠን ለእርሷ መርዝ ሊሆን ይችላል። ለእርሷ የሚሰጣት ሰደቃ የትራንስፖርቷንና የማዘዣዋን ወጪ መሸፈን ነው አልነው፤ እርሱንም አደረገ። ጠርሙሷን እህቱ በፌስታል ጠቅልላ ወደ ሆስፒታሉ ፋርማሲ ወሰደቻት። ፋርማሲስቷ የቀረውን ለካች፣ መዝገቡ ላይ ጻፈች፣ ሁለቱም ፈረሙ።